የሐሙስ ዋና

ጋሼ በሞተ በሦስተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ቀን፣ እትዬ ጠራችኝና ወንበር ሰጠችኝ። እትዬ ታላቅ እህቴ ናት፤ ወንበር የምትሰጠኝ ወይ ልትቆጣኝ ነው፣ ወይ ሥራ ልታዘኝ ነው። ሁለቱም ከሆነ ሻይ ትጨምርበታለች። የዚያን ቀን ሻይም ነበር።

«የሕይወት ታሪኩን አንተ ትጽፋለህ» አለችኝ። «እሑድ ዘመድም ጎረቤትም እዚህ ይሰበሰባል። አንድ ገጽ። አንድ ገጽ ነው ያልኩህ፣ ሰማህ?»

«እኔ? ስድስተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ተምሬ ያልጨረስኩት?»

«ሌላ ሰው ከጻፈው ተወለደ፣ አገባ፣ ሞተ ብሎ ያርፈዋል። አንተ ቢያንስ ሰው አታስተኛም። ግን ከራስህ አንዲት ነገር ብትጨምርበት…»

አልጨረሰችውም። በሰፈሩ ቅጥያ ነው የምባለው። በሥራዬ ቀለም ቀቢ ነኝ፤ ስሙን ያወጡልኝ ግን በቀለሙ አይደለም፣ ሰው የነገረኝን ወሬ ሁሉ ትንሽ ሳልቀጥልበት ስለማላሳልፍ ነው።

ጋሼ የእህቴ ባል ነው። ቧንቧ ሠራተኛ ነበር። ሰው ቤት ሲንክ ሥር ተንጋሎ፣ መፍቻውን እንደያዘ፣ ለቤቱ ጌታ ቀልድ እየነገረ ልቡ ቀጥ አለ። የቤቱ ጌታ የቀልዱን መጨረሻ እሰማለሁ ብሎ ቆሞ ጠበቀ። ይህን እኔ አልጨመርኩበትም፤ ሰውየው ራሱ እያለቀሰ ነው የነገረን።

ምሳውን ቤቱ ካልበላ የበላ አይመስለውም ነበር። የከተማው ጫፍ ላይ ሲሠራ እንኳ ሁለት አውቶቡስ ቀይሮ ይመጣል። መጥቶም ዝም ብሎ አይገባም። በሩን ያንኳኳና ድምፁን አጎርንኖ «ከውኃ ክፍል ነው፤ ቧንቧችሁ ሥራ ሰዓት ላይ ይዘፍናል የሚል ክስ ደርሶናል» ይላል። ልጆቹ መቶ ጊዜ ሰምተውታል፣ በመቶ አንደኛውም ይስቃሉ። ለትንሹ ልጁ በትርፍራፊ ቱቦ ከወጥ ቤት እስከ ሳሎን የሚያወራ ስልክ ዘርግቶለት ነበር። እትዬ ወጥ ቤት ሆና ስለ ባሏ ለጎረቤት ያማችውን ሁሉ እሱ ሳሎን ቁጭ ብሎ በቱቦው ይሰማና፣ ራት ላይ አንድ በአንድ ይመልስላት ነበር።

ሰፈሩ ዓሣው ይለዋል። ይህ ስም የእኔ ሥራ ነው። በሠርጋቸው ዕለት ማይክሮፎን ሰጡኝ፤ የሰጠኝ ሰው እስከ ዛሬ ይጸጸታል። ሙሽራው በጎረምሳነቱ ትልቁን ሐይቅ ከዳር እስከ ዳር በዋና አቋርጧል፣ መሐል ላይ ስትሰጥም ያገኛትን ፍየል በጥርሱ ነክሶ ከነነፍሷ አውጥቷታል ብዬ ተናገርኩ። አዳራሹ አጨበጨበ። ጋሼ ምን ያድርግ፣ ብድግ ብሎ እጅ ነሣ። ከዚያ ወዲህ ሃያ ሁለት ዓመት ዓሣው ሆኖ ኖረ። እውነቱን የምናውቀው እሱና እኔ ብቻ ነን ብዬ አምን ነበር፤ ጋሼ ከቁርጭምጭሚቱ ከፍ ያለ ውኃ ካየ ጉልበቱ ይከዳዋል። ዕድሜ ልኩን ውኃን ሲያስርና ሲፈታ ስለኖረ አንድ ቀን ይበቀለኛል ብሎ ይሰጋ ነበር።

እንግዲህ ቀኖቹን እንዳላሳስት እትዬ የኪስ ማስታወሻውን አመጣችልኝ። ጥጉ በቅባት የጠቆረ ትንሽ ደብተር ነው። ትልቋ ልጅ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ከጎናችን የወንድሟን ሸሚዝ ትተኩሳለች። እኔ ጮክ ብዬ አነበብኩ።

«ማክሰኞ፣ የጥርስ ሐኪሙ ቤት፣ ሲንክ ያንጠባጥባል። ረቡዕ፣ ዳቦ ቤቱ፣ ትልቁ መስመር ተደፍኗል። ሐሙስ፣ ዋና፣ 9 ሰዓት።»

ዋናን ያነበብኩት ናን ጥብቅ አድርጌ ነው፤ ዋና መንገድ፣ ዋና አለቃ እንደምንለው።

«ዋና ምን?» አለች እትዬ።

«ዋና ብቻ ነው የሚለው።»

«የሚቀጥለውን ሐሙስ አንብብ።»

«ሐሙስ፣ ዋና፣ 9 ሰዓት። ፎጣ እንዳትረሳ።»

እትዬ የሻይ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ካውያውም ቆመ።

«ቀጥል።»

መዝለል ፈልጌ ነበር፤ ግን ዓይኗ ከጣቴ ላይ አልተነሣም። «ሐሙስ፣ ዋና። ዛሬ ክፉኛ ደከምኩ፣ ግን እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።» ገለጥኩ። «ሐሙስ፣ ዋና። ይህን ሳላውቅ ዕድሜዬን በከንቱ ፈጀሁት።» ገለጥኩ። «ሐሙስ፣ ዋና። ቤት ያሉት እስከ ክረምት ድረስ እንዳይሰሙ።»

ስምንት ወር ሙሉ፣ አንድ ሐሙስ ሳይጎድል።

«ዋናዋ እሷ ከሆነች» አለች እትዬ በቀስታ፣ «እኔ ምንድን ነኝ? ተለዋጭ ጎማ?»

«እትዬ፣ የሥራ ቋንቋ ይሆናል። ዋና መስመር ማለቱ ነው።»

«ዋና መስመር ላይ ፎጣ ይዘው ነው የሚወርዱት?»

ትልቋ ሸሚዙን ወደ ጎን አደረገችው። «አባዬ ሐሙስ ሐሙስ ፀጉሩ እርጥብ ነበር» አለች።

«ምን?»

«ሌላ ቀን ጭቃ ይዞ ነው የሚመጣው። ሐሙስ ታጥቦ ይመጣል። ዓይኑም ቀልቶ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ፣ እማዬ? አባዬ ንጹሕ ሆኖ መጣ ብዬ ልክሰሰው?»

እኔ ያን ጊዜ ብነሣና ብሄድ ይሻለኝ ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው ግን፣ ወረቀቱንም ሞኙንም ይዤ ተቀምጬ ቀረሁ።

«የጀመርከው ጽሑፍ ላይ ታማኝ የሚል ቃል አለ?» አለችኝ።

«ሁለተኛው መስመር ላይ። ታማኝ ባል ይላል።»

«አውጣው።»

«እትዬ…»

«ማን እንደሆነች እስክናውቅ ነው ያልኩህ። ታማኝ ከነበረ ትመልሳታለህ። ካልነበረ ግን እሑድ ልጆቼን ከጎኔ አስቀምጬ ያቺን ቃል አልሰማም። ሌላ ውሸትህን ሃያ ሁለት ዓመት ችያለሁ። በዚህች አትጫወት።»

እስክሪብቶ ሰጠችኝ። ሰረዝኩ።

የመሣሪያ ሣጥኑን ሦስታችን ሆነን ከፈትነው። መፍቻ፣ ፒንሳ፣ ካቻቪቴ፣ የጓርኒሲዮን ላስቲክ የሞላ የወተት ጣሳ። ከሁሉም ሥር በጥቁር ፕላስቲክ የተጠቀለለ ሰማያዊ ፎጣ አለ። ከዚህ ቤት የወጣ ፎጣ አይደለም። እትዬ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው።

«በረኪና» አለች። «ማስረጃውን አጥባ ነው የምትልከው።»

«ወይም ንጹሕ ሴት ናት» አልኩ። አየችኝ።

ፎጣውን ስታራግፈው አንድ ነገር ወለሉ ላይ ጠብ አለ። ክንድ ላይ የሚጠለቅ ላስቲክ ያለው ትንሽ ቁልፍ ነው፤ 31 የሚል ቁጥር ተቀርጾበታል።

«ክፍል ቁጥር» አለች እትዬ፤ ከዚያ በኋላ ሻዩን ከፊቴ አነሣችው።

በማግሥቱ ጠዋት ቁልፉን ይዤ ቁልፍ ቀራጩ ጋ ሄድኩ። የልጅነት ጓደኛዬ ነው፤ ገልበጥ አድርጎ አየውና ፈገግ አለ።

«የቤት ቁልፍ አይደለም» አለ። «የሣጥን ነው። ሰው ልብሱን አውልቆ የሚቆልፍበት።»

«ኮቱን?»

«ሁሉንም።»

«የት ነው ይህ ጉድ?»

«ከኳስ ሜዳው ጀርባ፣ ድሮ የሲሚንቶ መጋዘን የነበረው ግንብ። አምና አድሰው ከፈቱት። ቁልፍ ሲጠፋባቸው እኔ ነኝ የምቀርጽላቸው። ውስጡን አላየሁም፤ በር ላይ አንዲት ቱታ የለበሰች ሴት ትቀበለኛለች። ደግሞ ሞቅ ያለ ቤት ነው፤ በሩ ሲከፈት እንፋሎት ፊትህን ይመታሃል።»

ሞቅ ያለ ቤት፣ እንፋሎት፣ ልብስ ማውለቂያ፣ ሴት። ማታ እትዬ ቤት እስክሄድ አንድ ጥሩ ውሸት አበጀሁ። እውነቴን ነው፣ በጥሩ ቀኔ ከሠራኋቸው አንዱ ነበር። ጋሼ በሙያው ስለታወቀ የውኃው ዋና መሥሪያ ቤት በየሐሙሱ በምስጢር ያማክረው ነበር አልኳት፤ ሌሎቹ ቧንቧ ሠራተኞች እንዳይቀኑ ነው ለቤት ያልነገረው አልኳት።

እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ «ዋና መሥሪያ ቤት ልብስ አውልቀው ነው የሚሰበሰቡት?» አለችኝ።

«ማን ነገረሽ?»

«ቁልፍ ቀራጩ ለሚስቱ ነገራት። ሚስቱ ገበያ አገኘችኝ። ነገ ሐሙስ አይደል? ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ እንሄዳለን።»

ሐሙስ ጥቁሯን ለብሳ፣ እግሯ ላይ ግን የስፖርት ጫማ አድርጋ መጣች። ለሐዘን የመጣች ከላይ፣ ለጠብ የመጣች ከታች። አውቶቡስ ላይ መስኮት መስኮቱን እያየች ነበር የምታናግረኝ።

«አንተ ታውቅ ነበር።»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አላውቅም።»

«አንተና እሱ እኮ አንድ ናችሁ። ያን ጊዜ የመሬት ለኪ ነኝ የሚል ሰውዬ ልካችሁብኝ፣ ወጥ ቤትሽ የጎረቤት መሬት ላይ ስለሆነ ድስትሽን ከማውጣትሽ በፊት አስፈቅጂ ብሎኝ፣ ሁለት ቀን አላስፈቀድኩም?»

«ያ ቀልድ ነበር።»

«ታዲያ ይህስ ምንድን ነው?» አለች። እኔም መስኮት መስኮቱን ማየት ጀመርኩ።

ረጅሙ ግንብ ጋ ስንደርስ በሩ ላይ ቱታ የለበሰች ሴት ቆማለች። ሃምሳ ዓመት ይሆናታል፤ ትከሻዋ የበር ያህል ሰፊ ነው፤ አንገቷ ላይ ፊሽካ አንጠልጥላለች። እጄ ላይ ያለውን ቁልፍ አየች።

«ይሄ የዓሣው ቁልፍ ነው» አለች። «ምነው ጠፋብኝ? ሦስት ሐሙስ ጠበቅኩት።»

እትዬ አንድ እርምጃ ቀረበች። «አንቺ ማን ነሽ?»

«ዋና አስተማሪ ነኝ።»

«የየትኛው ትምህርት ቤት?»

«ትምህርት ቤት የለኝም። እዚሁ ነው የማስተምረው።»

«ትምህርት ቤት ሳይኖርሽ ዋና አስተማሪ ሆንሽ? እሺ፣ ባሌን ምን ነበር የምታስተምሪው?»

ሴትየዋ ግራ ተጋብታ አየችን። «ዋና ነዋ» አለች፣ በሩንም ገፋ አደረገችው።

እንፋሎቱ ፊታችንን መታው፣ የበረኪናው ሽታም ተከተለው። ከወዲያ ሰማያዊ ገንዳ ተንጣሎ ልጆች ይንቦጫረቃሉ። ሴትየዋ ናን ያላላችው ገና ከመጀመሪያው ነው፤ የጠበቀው የእኛ ጆሮ ነው። የስድስተኛ ክፍል የቋንቋ አስተማሪዬ ትዝ አለኝ። ማጥበቅና ማላላትን ሦስት ቀን አስተምሮኝ ሲያቅተው፣ «አንተ ልጅ አንድ ቀን በዚህ ነገር ሰው ታጣላለህ» ብሎኝ ነበር።

«ዋና» አልኩ ናን አላልቼ፤ ለእትዬም ደገምኩላት። «መዋኘት፣ እትዬ። ዋኘ፣ ይዋኛል፣ ዋና።»

እትዬ ገንዳውን ከዳር እስከ ዳር በዓይኗ ለካችው። ከዚያ ባሏ መሞቱን በሁለት ቃል ነገረቻት። ሴትየዋ ፊሽካዋን ከአንገቷ አውልቃ ኪሷ ከተተችና አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

«የመጀመሪያ ቀን የመጣ ጊዜ» አለች፣ «ሰዓቱን ሙሉ እግሩን ብቻ ነክሮ ዋለ። ምነው ስለው፣ የሚስቴ ወንድም ዓሣ አድርጎኛል፤ ዓሣ ሳልሆን ትልቋ ልጄ ክረምት ላይ ሐይቅ ይዣችሁ እሄዳለሁ፣ አባዬ እንወዳደራለን አለች፤ ስለዚህ እስከ ክረምት ዓሣ አድርጊኝ አለኝ። ለሚስቱም ያሰባት ነገር ነበረው። ሐይቁ ውስጥ ዘልዬ እሰጥማለሁ፣ ስትጮህ ጠብቄ ከጀርባዋ ብቅ እላለሁ ይለኝ ነበር።»

ይህ ጋሼ ነው። ከነድምፁ ጋሼ ነው። እኔ ዓይኔ ሊያለቅስ ሲዘጋጅ እትዬ ወደ እኔ ዞረች።

«ይህቺን ከየት አመጣሃት?»

«ማንን?»

«እሷን። መሬት ለኪውን ካመጣህበት ነው? ቁልፉን ይዘህ የወጣኸው ትናንት ነው፤ አንድ ቀን ለአንተ ብዙ ነው። እንኳን አንዲት ሴት ቱታ ማልበስ፣ ገንዳውንም ብታስቆፍር አይገርመኝም።»

«እትዬ፣ እኔ እኮ…»

«የሚስቴ ወንድም ዓሣ አደረገኝ፣ ትልቋ፣ ሐይቁ። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ማን ነው? አንተ ነህ። ሟቹን ልትሸፍንለት ነው፣ ይገባኛል። ወንድ ለወንድ። ና እንሂድ።»

ወደ በሩ ዞረች። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያልጨመርኩበት እውነት ይዤ፣ የሚያምነኝ አጣሁ። ምን ብዬ ልማልላት? መሐላዬን ሁሉ በቀልድ ጨርሼዋለሁ።

ያዳነችኝ ሴትየዋ ናት፣ ያውም ሳታስበው። «አንድ ነገር ልጠይቃችሁ» አለች ከኋላችን። «ቡሎኔ የሚለው ነገር ምንድን ነው?»

እትዬ ቆመች።

«ምን አልሽ?»

«ቡሎኔ። ሲዋኝ አንድ፣ ሁለት እያልክ ቁጠር ብለው እምቢ አለኝ። አንድ ክንድ ሲጥል ቡሎኔ፣ ሌላውን ሲጥል ቡሎኔ። ትንፋሹ ሲያጥረውማ ጮክ ብሎ ነው። ቡሎን ከሌለ ሁሉ ነገር ይላላል ይለኛል። የሥራው ነገር ነው ብዬ ተውኩት።»

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። «ውኃ ውስጥም ቡሎን? ምን አለ መፍቻውንም ይዞ ቢገባ» አልኩ።

እትዬ ፊቴን አየችው። ዘበኛ የሰው ኪስ እንደሚፈትሽ፣ ፊቴን ከጥግ እስከ ጥግ ፈተሸችው።

«አንተ ይህን አታውቅም» አለች።

«ምኑን?»

«አያውቅም» አለች፣ አሁን ለራሷ። ሄዳ ከሴትየዋ ጎን አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

ምን እንደሆነ የነገረችኝ ስንመለስ፣ አውቶቡስ ላይ ነው። ካገቡ ጀምሮ፣ በሩ ሲዘጋና ሰው ሲጠፋ፣ ይጠራት የነበረው ቡሎኔ እያለ ነው። ልጆቹም አያውቁም። ለማንም እንዳልናገር አስምላኛለች፤ እናንተም እንግዲህ አልሰማችሁም።

ግን ከመሄዳችን በፊት ሣጥን 31ን ከፈትነው። ቀይ የመዋኛ ቁምጣ አለ፣ ለሁለት ሰው የሚበቃ። የዓይን መከለያ መነጽርም አለ፤ ውኃ እንዳያስገባ ዙሪያውን ቧንቧ ክር ላይ የሚጠመጠመውን ነጭ ቴፕ ጠምጥሞበታል። ቧንቧ ሠራተኛ የሰው ሥራ አያምንም። እትዬ መነጽሩን ይዛ ትንሽ ሳቀች፤ ጋሼ ከሞተ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው።

«መጨረሻ የመጣ ዕለት» አለች ሴትየዋ፣ «ከዳር እስከ ዳር ሳያርፍ ደረሰ። ሃያ አምስት ሜትር። ወጥቶ፣ ሰው በሌለበት፣ ለባዶው አግዳሚ እጅ ነሣ።»

«እንደማይዋኝ ታውቂ ነበር?» አልኳት እትዬን አውቶቡሱ ውስጥ።

«ከሠርጉ ሳምንት ጀምሮ። ገላውን ሲታጠብ እንኳ በአንድ እጁ ግድግዳውን ይይዝ ነበር። ፍየል በጥርሱ ያወጣ ሰው።»

«ታዲያ ሃያ ሁለት ዓመት ለምን ዝም አልሽ?»

«ዓሣው ሲሉት ደስ ይለው ነበር» አለች። ቀጥላም፣ «ግን ያቺ ሴትዮ ከዚህ በፊት በእውነት አታውቅህም?» አለችኝ። ጥርጣሬ እንደ አሮጌ ቧንቧ ነው፤ ዘጋሁት ስትል በሌላ በኩል ጠብ ይላል።

እሑድ ቤቱ ሞላ። ሥጋ ሻጩ፣ ቁልፍ ቀራጩ ከነሚስቱ፣ የጥርስ ሐኪሙ፣ ቀልዱ ያልተጨረሰለት የቤት ጌታም መጥቷል። እትዬ ፊት ለፊት ተቀምጣ ሰማያዊውን ፎጣ አጥፋ ጉልበቷ ላይ አድርጋለች። ትልቋ ከጎኗ ናት፤ ነገሩን ሁሉ፣ ከአንዲት ቃል በቀር፣ ነግረናታል። ትንሹ እግሩን ያወዛውዛል።

አነበብኩ። ታማኝ ሁለተኛው መስመር ላይ ቦታዋን ይዛለች፤ እሷ ጋ ስደርስ ቀና ብዬ አየሁ፣ እትዬ ራሷን ነቀነቀች። የበር ማንኳኳቱን አነበብኩ፣ ሳቁ። የቱቦውን ስልክ አነበብኩ፣ ሳቁ። መጨረሻ ላይ፣ ምንም ሳልጨምር፣ «በመጨረሻው ሐሙስ ሃያ አምስት ሜትር ዋኘ» ብዬ አነበብኩ።

ሳቅ የለም። ሰዎቹ ተያዩ። ሥጋ ሻጩ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሃያ አምስት ሜትር?» አለ። «ዓሣው? ቅጥያ፣ ደግሞ ዛሬ መቀነስ ጀመርክ?»

ከኋላ አንዱ «ምን ደብቆ ነው?» ሲል ሰማሁ። ሁሉም በጎን ያየኛል። ሐይቁን ውሸት ነው ካልኩ ዓሣውን ዛሬ እንደገና ልቀብረው ነው፤ ዝም ካልኩ ስምንት ወር የለፋባት ሃያ አምስት ሜትር መሳቂያ ልትሆን ነው።

«ሃያ አምስቱ እውነት ነው» አለች እትዬ። ድምፅዋን አላነሣችም።

«ሐይቁስ?» አለ ሥጋ ሻጩ።

እትዬ ፎጣውን ዳበስ አደረገችው። ትልቋ አፏን በእጇ ሸፈነች።

«ሐይቁ ከዚያ በፊት ነው» አለች እትዬ። ዞራም በዓይኗ ያዘችኝ። «ምን ትጠብቃለህ? የፍየሏን አንብብላቸው እንጂ።»

ወረቀቴ ላይ ፍየል አልነበረችም። ገጹን ገለበጥኩ፤ ጀርባው ነጭ ነው። ጉሮሮዬን ጠርጌ አነበብኩላቸው።